ሰባት ቀን ሳይኖሩበት ክፍል ያላከራዩት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ከአናጺ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ቤታቸውን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው ሰኔ 4 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከገበያ ጀርባ በምትገኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅና ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ሲወለዱ ለቅሷቸው እስከ መንገድ ይሰማ እንደነበር ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት ሳሉ ይመሰክሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ያቺ የተወለዱባት ክፍል በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንደ አንድ ዘመድ ልትቆጠር ይገባታል፤ እትዬን እትዬ ያደረገቻቸው እሷ ናትና። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አምስት ሰው ነበረባት። ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ይረጥባል። አባታቸው ሳንቃ ቢመቱበት ሳንቃው ሻገተ፤ ኖራ ቢቀቡት ኖራው እየተላጠ ወረደ። የቤቱ ባለቤት በየወሩ መጀመሪያ ብቅ ብለው፣ ከደጅ ቆመው የቤተሰቡን ጤንነት ጠይቀው፣ የሚቀበሉትን ተቀብለው ይሄዱ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የበሩን ደፍ ተሻግረው አልገቡም። እናታቸውን ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም ሳይለቃቸው ግንቦት 1952 ዓ.ም. አረፉ። ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ሰውየው ክፉ ሆነው እኮ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ቢያድሩበት ኖሮ ራሳቸው ያሠሩት ነበር» አሉ። ቂም የሌለበት ንግግር ነበር። የአሥር ዓመቷ ልጃቸው ግን ሰማች፤ ሰምታም በልቧ ያዘችው።

እትዬ በቀን ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ አባታቸውንና ሁለቱን ወንድሞቻቸውን እየረዱ፣ የቀረውን በማታ ትምህርት አጠናቀቁ። በ1960 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል በክፍል ጽዳት ተቀጥረው፣ በኋላም የክፍሎች ተቆጣጣሪ ሆነው በድምሩ አሥራ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። አልጋ አንጥፈው ሲጨርሱ ጫማቸውን አውልቀው በጀርባቸው ጋደም ይሉና ጣሪያውን ይመለከቱ ነበር፤ እንግዳው የሚያየውን እኔ ካላየሁ ምኑን አጸዳሁት ነው ነገሩ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ደረሱባቸውና «በእንግዳ አልጋ ላይ ተኝተው ተገኝተዋል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። እትዬ ደብዳቤውን መስታወት አስገጥመው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት። ዛሬም ከሰርግ ፎቶግራፋቸው ጎን ተሰቅሎ ይገኛል፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያስበልጡ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም።

ሰርጉ የተደረገው በ1964 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው የዚያው ሆቴል የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። የሦስተኛ ፎቅ አንድ ቧንቧ ያንጠባጥባል ተብለው ይጠራሉ፣ ይጠግናሉ፤ በማግስቱ እንደገና ያንጠባጥባል። ይህ ለሁለት ሳምንት ቀጠለ። ቧንቧውን የምታላላው ራሷ ተቆጣጣሪዋ ናት የሚል ወሬ በሆቴሉ ሲናፈስ እትዬ እንዲህ ነው ብለው አላመኑም፣ አይደለም ብለውም አልካዱም። በትዳራቸው በ1966 ዓ.ም. ሴት፣ በ1970 ዓ.ም. ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ መድኃኒት ቀማሚ፣ ወንዱ የመሬት ቀያሽ ሆነዋል።

በ1975 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ያጠራቀሙትን አውጥተው ተዘግቶ የቆየ ባለ አንድ ፎቅ የመንገደኞች ማረፊያ ገዙ። ከታች ለራሳቸው የሚሆን አንድ ክፍልና ሳሎን፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከታችና ከላይ ደግሞ የሚከራዩ ስምንት ክፍሎች ነበሩት። ጣሪያው ያፈሳል፣ የደረጃው መደገፊያ ይነቃነቃል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ እንደ ተፈታ ሹራብ ተንጠልጥሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ አብረው ጠገኑት። በዚያው ጊዜ እትዬ የቤት ኪራይ ደንቡን ከቤቶች ጽሕፈት ቤት አምጥተው፣ ሽፋኑን በፕላስቲክ ለብጠው፣ ሥራ በፈቱ ቁጥር ያነቡት ጀመር። ስንት ሰው በስንት ካሬ ሜትር ይኖራል፣ ውል በስንት ቅጂ ተጽፎ የት ይመዘገባል፣ የተበላሸ ነገር ከተነገረ በስንት ቀን ይጠገናል፣ ተከራይ ልቀቅ ከመባሉ በፊት ምን ያህል ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሁሉንም በቃላቸው ያዙት። በጽሕፈት ቤቱ አንድ ጉዳይ ያጠራጠረው ሠራተኛ ደንቡን ከማገላበጥ እትዬን መጠየቅ ይቀለዋል እስከመባል ደረሱ።

ይሁን እንጂ የሰፈሩን ሰው እጁን በአፉ ያስጫነው ደንቡ ውስጥ ያልተጻፈው የራሳቸው ሕግ ነበር። እትዬ አንድን ክፍል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከራይም ሆነ ተከራይ ወጥቶ ሌላ ሊገባበት ሲል፣ መጀመሪያ ሰባት ቀን ይኖሩበታል። ትንሽ ቡናማ ሻንጣ አለቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን አንጠልጥለው፣ ቤተሰባቸውን ደህና ሁኑ ብለው፣ አሥር እርምጃ ርቀው ይሄዳሉ። እዚያ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይተኛሉ። በአንደኛው ቀን በሮችንና መስኮቶችን ሃያ ጊዜ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በሁለተኛው ሶኬቶቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያሠራሉ። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይሠሩ ቁጭ ብለው ከጎረቤት ክፍል ምን እንደሚሰማ ያዳምጣሉ። በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው እንዳስተማሯቸው የክብሪት ነበልባል ከውሃ ማሞቂያው አፍ አጠገብ ይይዛሉ። ማሞቂያዎቹ በጋዝ የሚሠሩ ነበሩ፤ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ካዘነበለ የጭስ ማውጫው ቱቦ ይስባል፣ ወደ ሰው ከዞረ ግን ተዘግቷል ማለት ነው። እንዲህ እያሉ ሰባተኛው ቀን ሲያልቅ ያገኙትን ጉድለት ያሠሩና በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ለክፍሉ በተሰጠው ገጽ፣ «ኖሬበታለሁ፤ ሰው ይግባበት» ብለው ይፈርማሉ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «እትዬ ሰባት ቀን» የሚል ስም አወጣላቸው። ባለቤታቸውም ሚስትህ የት ናት ተብለው ሲጠየቁ፣ «በዚህ ሳምንት ቁጥር አምስት ናት፤ ደብዳቤ ካለ ላድርስላችሁ» ይሉ ነበር።

ተከራይ ከገባ በኋላ ደግሞ ክፍሉ ለእትዬ የሰው አገር ነው። ደንቡ አከራይ ከአንድ ቀን በፊት ሳያስታውቅ አይገባም ስለሚል፣ በጽሑፍ ሳያስታውቁ የማንንም በር አልፈው አያውቁም፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር። የገዛ ልጃቸው ሲያገባ ክፍል ሁለትን ተከራይቶ ነበር። አንድ ጠዋት በበሩ ሥር «ነገ ከቀኑ በአሥር ሰዓት የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ ለማየት ስለምገባ እንድታውቁት» የሚል ወረቀት አገኘ። ከሥሩ «እናትህ» አይልም፤ «አከራይ» ነው የሚለው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው የወንድማቸው ልጅም በ1986 ዓ.ም. ለትምህርት ሲመጣ ክፍል አራት ሊሰጠው ነበርና ሻንጣውን ይዞ ደረሰ። ክፍሉ ገና ሦስተኛ ቀኑ ላይ ነበር። እትዬ ምሳ አብልተው፣ ሳቅ ብለው፣ «ሐሙስ ና» ብለው መለሱት። በጓደኛው ክፍል ወለል ላይ አራት ሌሊት ተኛ። አክስት እያለኝ ወለል ላይ ተኛሁ ብሎ በጣም ተቀየማቸው፤ የሰባት ቀኑንም ነገር የታይታ ሥራ አድርጎ ቆጠረው። በኋላ ጽሑፉ ስለሚያምር የውል ጸሐፊያቸው ሆነ፤ እየጻፈም ቢሆን ሐሳቡን አልለወጠም ነበር። ይህ እዚህ የተነሳው ወደፊት ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

በ1990 ዓ.ም. ባለቤታቸው በድንገተኛ ሕመም አረፉ። እትዬ የባለቤታቸውን የመፍቻ ሣጥን አልጋቸው ሥር አስገብተው፣ ቤቱን ብቻቸውን ማስተዳደር ቀጠሉ።

ጥር 1 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ያለ ወቅቱ በጣለ ዝናብ በእትዬ በር ላይ ቆመች። በአንድ እጇ የሦስት ወር ሴት ልጅ አቅፋለች፤ ከኋላዋ በጋሪ ላይ የስፌት መኪናዋ ሸራ ለብሶ ይታያል። ትኖርበት የነበረው ቤት ተሽጦ ገዢው በሦስት ቀን ልቀቂ ብሏት ነበር፤ ያውም ደንቡ የማይፈቅደው ነገር ነው። ክፍል ሰባት ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት ተለቆ ነበር። እትዬ ወጣቷን ተቀብለው እሳት አጠገብ አስቀመጧት፣ ደረቅ ልብስ ሰጧት፣ ከዚያም ሰባት ቀን እንደሚያስፈልጋቸው ነገሯት። ልብስ ሰፊዋ የምትሄድበት አልነበራትም። እትዬ ሰማያዊውን ደብተር ገልጠው የክፍል ሰባትን ገጽ ይመለከቱ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው ውል ሊጽፍ የተጠራው የወንድማቸው ልጅ፣ «እትዬ፣ ለአንድ ጊዜ ቢቀር ምን ይመጣል?» ያላቸው። እትዬ ቀና ብለው አዩት፤ ሕፃኗንም አዩ። ከዚያ ቁልፉን ከመንጠቆው አወረዱ።

ልብስ ሰፊዋ ከገባች በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የክፍል ስድስት ተከራይ የነበሩት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ደረጃውን ወርደው መጡ። የስፌት መኪናው ድምፅ በግድግዳ እየተሰማ አላስነብብ አለኝ ብለው ሁለት ጊዜ አቤት ያሉ ሰው ናቸው። በዚያን ቀን ግን፣ «እትዬ፣ መኪናው ቆሟል፤ ውሃው ግን አልቆመም» ብቻ ነው ያሉት። እትዬ ትርፍ ቁልፉን ይዘው ወጡ። አንኳኩ፣ ተጣሩ፣ መልስ የለም። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስታውቁ የተከራይ በር ከፈቱ። ልብስ ሰፊዋ ከመታጠቢያው ደጃፍ ወድቃለች፤ ሕፃኗ አልጋ ላይ አትንቀሳቀስም። እትዬ ጋዙን ዘጉ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ሕፃኗን ይዘው ወደ ደረጃው ሮጡ፤ መምህሩ እናትየዋን ጎትተው አወጡ። የማሞቂያው የጭስ ማውጫ ቱቦ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ኖሯል። ሽታ የሌለው መርዝ ወደ ክፍሉ እየተመለሰ ነበር። አንዲት የክብሪት እንጨት ትበቃው ነበር።

ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን፣ እናትየዋ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሆስፒታል ወጡ። እትዬ ግን አልጠበቁም። በአደጋው ማግስት ጠዋት ወደ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደው ወረፋ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ክስ ላቀርብ ነው አሉ። ሠራተኛው ታሪኩን ሰምቶ፣ «እትዬ፣ ከሳሽ እኮ የለም» ቢላቸው፣ «ከሳሹም እኔ ነኝ፣ ተከሳሹም እኔ ነኝ፤ ጻፍ» አሉት። ማመልከቻው ዛሬም ቅጂው አለ። ክፍሉን ሳልመረምር አከራይቻለሁ፣ በዚህም የሁለት ሰው ሕይወት ለአደጋ አጋልጫለሁ ይላል። አንድ ፊርማ ብቻ ነው ያለበት። ከጎናቸው ቆሞ ምን ይመጣል ያለው ሰው በዚያ ወረቀት ላይ የለም፤ ለልብስ ሰፊዋም፣ ለልጆቻቸውም፣ ለማንም አልተነገረም። የወንድማቸው ልጅም ራሱ ሃያ አራት ዓመት ደብቆት ኖረ። ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት የሚናገረው ይህንን ነው። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እየሰማች ነውና እዚሁ በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቃታል።

ጽሕፈት ቤቱ ክፍል ሰባትን ለአራት ወር አሸገ፤ ስምንቱም ማሞቂያዎች ከክፍል ወጥተው በጓሮ በኩል በውጭ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ አዘዘ። ጥገና ላይ ያለ ቤት ተከራይ ማረፊያ ማግኘት እንዳለበት ደንቡ ስለሚያዝ፣ እትዬ ለልብስ ሰፊዋ የራሳቸውን ክፍል ለቀቁላት። እሳቸው የልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ በታጣፊ አልጋ አራት ወር ተኙ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ «ልጄን ሊያሳጡኝ ነበር እኮ» አለቻቸው። እትዬ አልተከላከሉም፣ አላለቀሱምም። ፕላስቲክ የለበሰውን ደንብ አምጥተው፣ ተከራይ አከራዩን በፍርድ ቤት ስለሚከስበት መብት የሚናገረውን ገጽ አጥፈው፣ እጇ ላይ አስቀመጡት። ደንቡ ለአንድ ሳምንት እሷ ጋ ቆየ። ስትመልሰው የታጠፈው ገጽ ጠርዙ በጋለ ካውያ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል። ክፍሉ ሲያልቅ እገባበታለሁ አለች፤ ገባችም።

እንግዲህ ለእትዬ ሌላ ዕዳ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ክፍል ሰባት ተጠገነ፣ በባለሙያ ተመረመረ፣ ማረጋገጫ ተሰጠው። ነገር ግን እትዬ አልኖሩበትም። ክፍሉ ታሽጎም ቢሆን ውሉ የልብስ ሰፊዋ ነበርና፣ ሰው የተከራየው ክፍል ውስጥ አከራይ ሻንጣ ይዞ ሊገባ አይችልም፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሃያ አራት ዓመት አልወጣችም። ሕፃኗ እዚያው ዳዴ አለች፣ ተማረች፣ አደገች፣ ትልቅ አውቶቡስ የምትነዳ ሹፌር ሆነች። በሰማያዊው ደብተር ላይ ሌሎቹ ገጾች በፊርማ ላይ ፊርማ ሲሞሉ፣ በክፍል ሰባት ገጽ ላይ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ፊርማ አልታከለም። እትዬ አንዳንድ ቀን ደብተሩን ገልጠው ያንን ባዶ ቦታ ሲመለከቱ ይገኙ ነበር። ምን ሆኑ ሲባሉ «ምንም» ይላሉ። ልጆቻቸው ይተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው ሲሏቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይሏቸው ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም አደረባቸው። ሐኪሙ ደረጃ መውጣትን ፈጽሞ ከለከለ፤ ክፍል ሰባት ደግሞ ሃያ ሁለት ደረጃ ላይ ነው ያለው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. አውቶቡስ ነጂዋ ልጅ የራሷን ቤት አግኝታ እናቷን ይዛ ወጣች። እትዬ ቁልፉን ተረክበው፣ መንጠቆው ላይ ሳይሰቅሉ ትራሳቸው ሥር አስገቡት። ኅዳር 2 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ እግራቸው አብጦ፣ ሦስት ትራስ ተደግፈው ካልሆነ መተንፈስ እያቃታቸው፣ ቡናማዋ ሻንጣ ከአልጋው ሥር እንድትወጣ ጠየቁ።

ቤተሰቡ ተጨነቀ። ልጃቸው መድኃኒት ቀማሚዋ እንደ ባለሙያ ተናገረች፤ ወንዱ ልጃቸው እንደ ልጅ ለመነ። የወንድማቸው ልጅ ከሁሉም ይልቅ ተቆጣ። ለመፈተሽ ከሆነ ክፍሉን ቀያሹም፣ ሹፌሯም፣ እሱም ሊፈትሹት እንደሚችሉ ነግሮ፣ ደረጃው ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ ማን ይጠየቃል አለ። እትዬ አስጨርሰውት፣ «ወንበር አምጡ» አሉ። በወንበር ተሸከምናቸው፤ ወንድ ልጃቸው፣ የወንድማቸው ልጅ፣ አሁን በክፍል ስድስት የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪና በዚያች ክፍል ያደገችው ሹፌር። ሹፌሯ ከፊት ሆና እንደ ሥራዋ «ቀስ፣ ወደ ግራ፣ ቁም» እያለች መራች። በየአምስት ደረጃው አረፍን። ደፉ ላይ ሲደርሱ እትዬ አስቆሙንና ወደ ኋላ ዞረው ልጆቻቸውን ደህና ሁኑ አሏቸው፤ ከዚያ ገቡ።

ሰባቱን ቀን ይፈጽማሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ሐኪሙም መጥቶ አይቷቸው ለወንዱ ልጃቸው ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው ግን ሥራ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን በሩን ሃያ ጊዜ አስከፈቱ፣ አስዘጉ፤ ቁጥሩን ራሳቸው ያዙ፤ ጋጋሪው አሥራ ሰባት ላይ አለቀ ቢላቸው ሦስት ይቀራል አሉት። በሁለተኛው ቀን ሶኬቶቹ ተሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን አዳመጡ፤ ምን ይሰማል ብንላቸው፣ «የስፌት መኪና» አሉ። በአራተኛው ቀን ክብሪት ጠየቁ። ማሞቂያው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ወደ ውጭ እንደወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሞከር ነገር እንደሌለ ነገርናቸው። ያውቁታል። ጓሮ ወርዶ የሚሞክርላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ተናግረው፣ የክብሪቱን ሣጥን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። እሱም ወርዶ ለኮሰ፤ ነበልባሉ ወደ ውስጥ አዘነበለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቆሞ ቀረ፤ እትዬ በመስኮት ሆነው ያዩት ነበር።

በአምስተኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ አጠገባቸው ሲቀመጥ፣ ልቡ ውስጥ ሲውል ሲያድር የኖረውን ነገር አወጣው። ያን ቀን ምን ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለምን ስሜን አልጠሩም አላቸው። እትዬ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» አሉት። በእርስዎ አለ። «እንግዲያው የማን ነገር ነው?» ብለው እጃቸውን እጁ ላይ ጣል አደረጉ።

ስድስተኛውን ቀን አብዛኛውን በእንቅልፍ አሳለፉት። በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ አልጋው ላይ ሲደርስ ነቁና ደብተሩን ጠየቁ። እስክሪብቶውን ልጃቸው ልታግዛቸው ብትሞክር አልፈለጉም። ጊዜ ወስደው፣ እያረፉ፣ በራሳቸው እጅ ጻፉ። ገጹ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ክፍል ሰባት። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ጠብቋል፣ ይላላ። የከሰዓቱ ፀሐይ ጥሩ ነው። ኖሬበታለሁ፤ ሰው ይግባበት።» ፊርማቸው ትንሽ ወደ ታች ቢያዘነብልም ሙሉ ነው። ከፈረሙ በኋላ የክፍሎቹን ሁሉ ቁልፍ የያዘውን ቀለበት ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። ሁላችንም ለልጆቻቸው ይሰጣሉ ብለን ነበር፤ እሱም ራሱ።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ በክፍል ሰባት ውስጥ በሰላም አረፉ። የመስኮቱን መቀርቀሪያ በዚያው ዕለት አላላነው።

እትዬ ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንድ የወንድም ልጅ፣ እንዲሁም በአርባ ዓመት ውስጥ በስምንቱ ክፍሎች ኖረው የወጡና አሁንም የሚኖሩ፣ ከዚህ ግቢ ሞልተው መንገድ ላይ የቆሙ ተከራዮች ትተው አልፈዋል። ልብስ ሰፊዋና ሹፌር ልጇም ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እንዲቀመጡ ያሉት ልጆቻቸው ናቸው። የእትዬ የራሳቸው ክፍል ከእንግዲህ ባዶ ነው። ልጆቻቸው እንዲከራይ ወስነዋል። የወንድማቸው ልጅም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቡናማዋን ሻንጣ ይዞ ሰባት ቀን ይገባበታል፤ ሐሙስ ዕለት ክብሪት ይለኩሳል።

አምላክ የእትዬን ነፍስ በማይረጥብ ግድግዳ፣ በማይዘጋ በር ውስጥ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቦቻቸውና ለተከራዮቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። ሁላችንም አንድ ቀን ወደምንገባበት ቤት ዛሬ እሳቸው ሄደዋል። እንደ ልማዳቸው ቀድመውን ገብተው ይኖሩበታልና፣ ተራችን ሲደርስ ቤቱ ደህና ሆኖ እንደሚጠብቀን እናምናለን።